ስኳሩ ለምን ከሥር ይቀራል?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ባርማን ነኝ። ዳይኪሪ የሚባለውን የሮም (ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ አልኮል)፣ የሎሚና የስኳር ቅልቅል መጠጥ ስሠራ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ይቀራል፤ መጠጡም ውሃ ውሃ ይላል። ለመሆኑ የየት አገር መጠጥ ነው?

መልስ፦ የኩባ ነው፤ ስሙን ያገኘው በሳንቲያጎ ደ ኩባ አቅራቢያ ካለችው ዳይኪሪ የተባለች ቦታ ነው። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ጄኒንግስ ኮክስ እንደጀመረው ይነገራል። ሮምና ሎሚ መቀላቀል ግን ከእሱ በፊትም ነበር።

ስኳሩን ከሮሙ ጋር አይጨምሩ፤ አልኮል ስኳር በደንብ አያሟማም። መጀመሪያ 2 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ስኳር በ20 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ እስኪጠፋ ያማስሉ። ከዚያ 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ሮም፣ በመጨረሻ በረዶ። መበጥበጫው (ሼከሩ) ውጭው ላብ እስኪያወጣ፣ 12 ሰከንድ ያህል፣ በኃይል ይበጥብጡና አጥልለው ይቅዱ። መጠጡን የሚያቀጥነው መቅለጥ የጀመረ ድቃቂ በረዶ ነው፤ ትልልቁን ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ይጠቀሙ። ከገበያ የሚገዟት ትንሿ ሎሚ በቂ ናት፤ የታሸገ ጭማቂ ባይነኩ ይሻላል።