ደጅ ጥናት አይደለም፦ ስለ ተማሪ ብድርና ስለ ኮንግረስ ቢሮ ለጠየቃችሁኝ

በአንድ የኮንግረስ አባል የወረዳ ቢሮ ውስጥ ለሰባት ዓመት ኬዝ ወርከር ነበርኩ። ሥራዬ የነዋሪውን አቤቱታ ተቀብዬ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መልስ ማምጣት ነበር፤ ኢሚግሬሽን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ በኋላ በኋላ ደግሞ በብዛት የተማሪ ብድር። ከለቀቅኩ ቆይቻለሁና የማንም አፈ ቀላጤ አይደለሁም። የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ የእኛ ወረዳ ተመራጭ በየስብሰባው «የተማሪ ብድር መሰረዝ አለበት» ይላሉ። ቢሯቸው ብደውል የእኔን ያሰርዙልኛል? (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አያሰርዙልህም። ሰውየው የሚያምኑበት ሌላ ነው፣ ቢሯቸው የሚሠራው ሌላ። እምነታቸው ሕግ የሚሆነው ምክር ቤቱ ውስጥ ድምፅ ሲሞላ ብቻ ነው። ቢሮው ግን ዛሬውኑ ሊሠራልህ የሚችለው ነገር አለ፦ ብድርህን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የከፈልከውን ሳይቆጥር ቢቀር፣ ማመልከቻህ ለወራት መልስ ቢያጣ፣ የማታውቀው ዕዳ በስምህ ቢገኝ ለትምህርት ሚኒስቴር ጽፎ «ይህ ሰው ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ሚኒስቴሩ ለኮንግረስ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ክፍል አለው። አንተ ስልክ ይዘህ ሁለት ሰዓት ሙዚቃ ከምትሰማበት መስመር የተለየ ነው።

ውሳኔ ማስለወጥ ግን አይችልም። ሕጉ አይገባህም ካለህ ደብዳቤው የሚያመጣልህ ያንኑ «አይገባህም» በተሻለ ወረቀት ነው።

እኔ እኮ ለወረዳችን ተመራጭ ድምፅ አልሰጠሁም። ዜጋም አይደለሁም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ደፍሬ ቢሯቸው ብሄድ አያሳፍሩኝም? (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥብኛል። ወገኖቻችን ቢሯችን ሲመጡ ደጅ የሚጠኑ ይመስላቸው ነበር። አንዲት እናት ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ በነጠላ ሸፍነው ይዘው መጡ። ጉዳያቸውን ከመናገራቸው በፊት ዳቦው ይቆረስ አሉ። ዳቦው ተበላ፣ ፋይላቸው ግን ያለ ዳቦም ያው ነበር።

ወረዳው ውስጥ መኖርሽ ይበቃል። ማንን እንደመረጥሽ ማንም አይጠይቅሽም፤ ምስጢር ስለሆነ ቢሮውም አያውቀውም። ብድር ይሰረዝ የሚሉትም፣ በፍጹም አይሰረዝም የሚሉትም የሚሠሩት አንድ ዓይነት ነው። እንዲያውም አንዳንድ ስረዛን አጥብቀው የሚቃወሙ ተመራጮች ቢሮ ፋይሉን በጣም በጥንቃቄ ይይዛል፤ ሰውየው በአደባባይ «ሥርዓቱ በደንብ ይሠራ እንጂ አይሰረዝ» ብለዋልና።

ምን ይዤ ልሂድ? (ዳላስ)

የመጀመሪያው የፈቃድ ፎርም ነው። በ1974 በወጣው የግላዊነት ሕግ ምክንያት፣ አንተ በፊርማህ ካልፈቀድክ መሥሪያ ቤቱ ስለ አንተ ለኮንግረስ ቢሮ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ፎርሙ በተመራጩ ድረ ገጽ ላይ አለ።

እዚህ ላይ ወላጆች ይሰናከላሉ። አባት ስለ ልጁ ብድር ሊከራከር ይመጣል፤ ልጁ ግን 22 ዓመቱ ነው፣ ብድሩም በልጁ ስም ነው። መፈረም ያለበት ልጁ ነው። «እኔ አይደለሁ እንዴ ያሳደግኩት?» ያለኝን አባት አልረሳውም። ልክ ነው፣ ግን ፊርማው አይተካም። ብድሩ ፓረንት ፕላስ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዕዳው የወላጁ ነው፣ የሚፈርመውም ወላጁ።

ከዚያ ወረቀት ነው፦ የብድሩ ኩባንያ የላከልህ ደብዳቤ፣ የክፍያ ታሪክ፣ የደወልክባቸው ቀኖች። ታሪኩን በአንድ ገጽ ጻፈው፤ ምን ሆነ፣ መቼ፣ ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ። ከደርግ ዘመን የሚጀምር ታሪክ ብዙ አንብቤያለሁ፤ በሰባተኛው ገጽ ላይ ነው ብድሩ የሚመጣው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ሴናተርና አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል አሉህ። ለሦስቱም በአንድ ጊዜ አትስጥ። መሥሪያ ቤቱ አንዱን ጉዳይ ሦስት ቦታ ሲያየው ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም። ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ድምፅ የሚሰጥ ሴናተር የላችሁም፤ የምክር ቤት ተወካያችሁም በሕግ ማጽደቂያው ላይ ድምፅ የላትም፤ አቤቱታ ግን ትቀበላለች። የስቴት ምክር ቤት ተመራጭንም ከኮንግረሱ ጋር አታምታቱ። የፌዴራል ብድር የፌዴራሉ ጉዳይ ነው።

ባይደን ይሰርዛሉ ተብሎ ማመልከቻ ሞልቼ ነበር። ማን ነው ያስቀረው? ኮንግረሱ ነው ፍርድ ቤቱ? (ሲያትል)

ሁለቱም ሞክረዋል፣ የተሳካለት ፍርድ ቤቱ ነው። እቅዱ በነሐሴ 2022 ይፋ ሆነ፦ እስከ 10,000 ዶላር፣ ፔል ግራንት (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተማሪ የሚሰጥ፣ የማይመለስ የፌዴራል ድጎማ) ለወሰደ እስከ 20,000። ፕሬዚዳንቱ የተመረኮዙት በ2003 በወጣ፣ ለአደጋ ጊዜ በተሠራ ሕግ ላይ ነበር። በ2023 ሴናተር ቢል ካሲዲ እቅዱን የሚሽር ውሳኔ አቀረቡ፤ ምክር ቤቱ 218 ለ203፣ ሴኔቱ 52 ለ46 አጸደቁት። ባይደን በሰኔ 7 በቪቶ መለሱት። ሦስት ሳምንት ጥቂት እንዳለፈ ሰኔ 30 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 እቅዱን ጣለው፤ ይህን ያህል ገንዘብ ለመሰረዝ የኮንግረስ ግልጽ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ።

የተመራጭህን አቋም ማወቅ ከፈለግህ ንግግሩን ተወውና ያንን የሴኔት ድምፅ ተመልከት። ሁለት ዴሞክራቶች፣ ጆ ማንቺንና ጆን ቴስተር፣ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ቆመዋል። ከፓርቲው ስም ብቻ ብትነሣ ትሳሳት ነበር። ድምፁ በስም በስሙ ተመዝግቦ ማንም ሊያየው የሚችል ነው።

ግን እኮ የሚቃወሙትም እውነት አላቸው። እኔ ታክሲ ነድቼ፣ ሳልበደር ነው የተማርኩት። ለምን የሰው ዕዳ እከፍላለሁ? (ዴንቨር)

ወንድሜ፣ ካሲዲም የተናገሩት ይህንኑ ነው፦ የከፈለውና ኮሌጅ ያልሄደው ለምን ይሸከማል። ቀላል ክርክር አይደለም፤ ቤታችን ውስጥም ያጣላል። በሌላው ወገን ኤልዛቤት ዋረንና ቸክ ሹመር በ2020 እስከ 50,000 ዶላር ይሰረዝ ብለው ነበር፤ ዕዳው 1.6 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ላይ ሲወድቅ የግለሰብ ስንፍና ሊባል አይችልም በሚል።

የእኔን ከጠየቅከኝ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመሰረዝ ይልቅ የባንክራፕሲው ጉዳይ (መክፈል ያቃተው ሰው ዕዳውን በፍርድ ቤት የሚያሰርዝበት መንገድ) ያንገበግበኛል። የቁማር ዕዳ በፍርድ ቤት ሊሰረዝ ይችላል፤ የተማሪ ብድር ግን «የማይቻል ጭንቅ» መሆኑን ካላስረዳህ አይሰረዝም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1976 አምስት ዓመት ጠብቅ ተባለ፣ በ1990 ሰባት ሆነ፣ በ1998 የጊዜው በር ጨርሶ ተዘጋ፣ በ2005 የግል ባንኮች ብድርም ተጨመረ። በ2021 ዴሞክራቱ ዲክ ደርቢንና ሪፐብሊካኑ ጆን ኮርኒን አብረው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በሩ ይከፈት የሚል ረቂቅ አቅርበው ነበር። አልጸደቀም። ለተመራጭህ ስትደውል እንዲህ ያለ የተወሰነ ነገር ብትጠይቀው ይሻላል፤ «ስለ ተማሪ ብድር ምን ያስባሉ?» ካልከው የሚሰጥህ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ነው።

ልጄ፣ ለልጄ ኮሌጅ ብዬ በስሜ ተበደርኩ። አሁን ጡረታ ልወጣ ነው። ምን ይሻለኛል? (አሌክሳንድሪያ)

እናቴ፣ የእርስዎ ፓረንት ፕላስ ነው፤ ከሁሉም ብድር ጨካኙ። ወደ ልጅዎ ስም አይዛወርም። በሐምሌ 4፣ 2025 የተፈረመው ትልቁ ሕግ ደግሞ አጥብቆታል፤ ብድሩን ከሐምሌ 1፣ 2026 በፊት ያላዋሃደ (በአዲስ አንድ የፌዴራል ብድር ያልተካ) ወላጅ በገቢ ልክ ወደሚከፈልበት እቅድ የሚገባበት መንገድ ተዘግቶበታል። ከዚያ ቀን በፊት አዋህደው ከሆነ ወረቀቱን አይጣሉት፤ ኩባንያው ከተሳሳተ ለቢሮው የሚያቀርቡት ማስረጃ እሱ ነው። ወደፊት ለሚበደሩ ወላጆችም ጣሪያ ተበጅቷል፦ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር።

ነርስ ነኝ። ማስተርስ ልማር ስል ብድሩ ተቀነሰ አሉኝ። (ሚኒያፖሊስ)

ያው ሕግ ነው። ግራድ ፕላስ የሚባለው፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለሚማሩ የሚሰጠው የፌዴራል ብድር፣ ከሐምሌ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ለማስተርስ በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር፤ «ፕሮፌሽናል» ለተባለ ዲግሪ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000። ትምህርት ሚኒስቴር ባቀረበው ትርጉም ሕክምና፣ ሕግና ፋርማሲ ፕሮፌሽናል ሲሆኑ ነርሲንግ ውጭ ቀረ። ነርሶች የጮኹት ለዚህ ነው። ትምህርቱን ቀድመሽ ጀምረሽ፣ ለዚያው ፕሮግራም ተበድረሽ ከነበረ የመሸጋገሪያ ጊዜ አለሽ፤ የትምህርት ቤትሽን የፋይናንስ ቢሮ ጠይቂ።

ስለዚህ ለተመራጭሽ ቢሮ ስትደውዪ ዚፕ ኮድሽን አስቀድመሽ ተናገሪ። ከወረዳው ውጭ ያለ ጥሪ አይቆጠርም። ከሌላ ሰው ተገልብጦ የተላከ ደብዳቤ እኛ ዘንድ በቁጥር ብቻ ነበር የሚመዘገበው፤ «የማታ ተረኛ ነርስ ነኝ፣ ይህን ያህል ቀርቶብኛል» የሚል ግን አለቃው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

የምትሠሪበት ሆስፒታል ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ ደግሞ በ2007 የወጣው የሕዝብ አገልግሎት ስረዛ አለልሽ፦ ሙሉ ሰዓት እየሠሩ 120 ክፍያ፣ አሥር ዓመት ማለት ነው። የሚታየው ቀጣሪው እንጂ ሙያው አይደለም። የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ በቀጥታ በዲስትሪክቱ ከተቀጠረ ይገባዋል፤ በኮንትራክተር በኩል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይገባውም። የቀጣሪ ማረጋገጫውን በየዓመቱ ላኪ። በአሥረኛው ዓመት የተዘጋ ክሊኒክ ፊርማ ፍለጋ የተንከራተቱትን አውቃለሁ።

ደመወዜ ላይ እጃቸውን ሊያሳርፉ ነው የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ረፍዷል? (ዲሲ)

ብድር 270 ቀን ሳይከፈል ሲቀር ዲፎልት ይባላል። ከዚያ በኋላ ሕጉ ያለ ፍርድ ቤት ከተጣራ ደመወዝህ እስከ 15 በመቶ እንዲወሰድ ይፈቅዳል፤ የታክስ ተመላሽህም ሊያዝ ይችላል። ደብዳቤው ግን ከመቁረጡ በፊት የሚመጣው ለመቃወም ጊዜ እንዲኖርህ ነው። ደብዳቤው ላይ ያለውን የመጨረሻ ቀን ሳያልፍ ይሰማልኝ የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ ላክ፣ ቅጂውን አስቀር፣ በዚያው ሳምንት ቢሮው ሂድ። ቢሮው ማሳገድ ላይችል ይችላል፤ ጥያቄህ መድረሱን ግን ያጣራልሃል።

ወደ እኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ ግን ገንዘቡ ከተቆረጠ በኋላ ነበር የሚመጡት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ዕዳ እኛ ዘንድ ገመና ነው፣ ፖስታው ሳይከፈት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይከማቻል። አንድ ሰው 14 ያልተከፈቱ ፖስታዎች በፌስታል አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈልኝ። አብረን ተቀምጠን ከፈትናቸው። ዘጠነኛው ውስጥ ክፍያው በገቢው ልክ ወደ ዜሮ ሊወርድለት እንደሚችል የሚነግር ደብዳቤ ነበር፣ ከአንድ ዓመት በፊት የተላከ።