«ስሜታዊ»፣ «ተጋላጭ» ወይስ «ስሱ»?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የውኃ ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ወደ ጣና የሚገባውን የጉማራ ወንዝ ፍሰት በኮምፒውተር ሞዴል አስልቼ፣ የዝናብ መረጃው ሲለወጥ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ በአማርኛ መጻፍ ፈለግሁ። እኔ «ውጤቱ ለዝናብ ስሜታዊ ነው» ብዬ ነበር፤ አማካሪዬ «ተጋላጭ» ይሻላል አሉኝ። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱንም አልመርጥም። «ስሜታዊ» ለሆደ ባሻ ወይም ቶሎ ለሚቆጣ ሰው የሚነገር ቅጽል ነው። «ተጋላጭ» ደግሞ ጉዳትን ስለሚያመለክት፣ የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ለጎርፍ ተጋላጭ ነው ማለት ያስኬዳል እንጂ፣ በሞዴል የተሰላ ቁጥር ተጋላጭ ነው ማለት አያስኬድም። «ስሱ»፣ ማለትም ለትንሽ ለውጥ ቶሎ ምላሽ የሚሰጥ፣ ወደ ትክክሉ ይቀርባል፤ ችግሩ ግን ከቅጽሉ ይልቅ በዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር ላይ ነው።

«ስሱ ነው» ብሎ ማቆም መጠኑን ይደብቃል። «ሌላው ግብዓት ሳይነካ፣ የነሐሴ ዝናብ በ10 በመቶ ቢጨምር የተሰላው ፍሰት በ15 በመቶ ይጨምራል» ቢሉ ግን (ግብዓት ማለት ወደ ሞዴሉ የሚገባ መረጃ ነው፤ ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው) አንባቢው ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሎ 1.5 የሚለውን የስሱነት መጠን ራሱ ያገኛል። እዚህ ላይ «ቢጨምር» እንጂ «ሲጨምር» አይባልም፤ «ሲ» በተፈጥሮ የሚደጋገመውን ክስተት ሲያመለክት፣ «ቢ» ግን ተመራማሪው ሆን ብሎ በግብዓቱ ላይ ያደረገውን የሙከራ ለውጥ ይገልጻልና። እንደዚሁም «በ10 በመቶ ጨመረ» የሚለውን «ወደ 10 በመቶ ጨመረ» ከሚለው ጋር ማምታታት ቁጥሩን ያበላሻል፤ በጋዜጦቻችን ዘወትር የማየው ስሕተት ነው። ወሩን የጠቀስሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። በሰኔ ደረቁ አፈር የዝናቡን ብዙ ክፍል ስለሚመጥ፣ በነሐሴ ግን አፈሩ ውኃ ጠግቦ ስለሚቆይ፣ ያው የዝናብ ጭማሪ በሁለቱ ወራት እኩል የፍሰት ለውጥ አያመጣም። «ሌላው ግብዓት ሳይነካ» የሚለው ሐረግም መቅረት የለበትም፤ ዝናቡና ትነቱ አብረው ከተለወጡ የትኛው ምን እንዳደረገ መለየት አይቻልም።

በመጨረሻም፣ «ስሱ» ሲሉ «የማይታመን» ማለትዎ እንዳይመስል ይጠንቀቁ። ውጤቱን አጥብቆ የሚለውጥ ግብዓት በጥንቃቄ ከተለካ ስጋቱ ትንሽ ነው፤ ውጤቱን በመጠኑ ብቻ የሚለውጥ፣ ነገር ግን በግምት የተሞላ ግብዓት የበለጠ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የመረጃውን ጥራት የሚመለከተውን ክፍል ከስሱነቱ ለይተው፣ በራሱ ርዕስ ሥር ይጻፉት።