ዲዛይን ቲዎሪ ልትማሩ ላሰባችሁ

ውድ ወጣቶች፣

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ፣ ትንሽ ሠርታችሁ፣ አሁን ደግሞ ማስተርሱን በምህንድስና ዲዛይን ቲዎሪ ላድርገው እያላችሁ የምትመጡ ልጆች አላችሁ። አምስት ኪሎ አካባቢ ቡና ይዘን ስንጫወት ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ «ምን ማሽን ልሥራ?» ብላችሁ ነው። ከዚሁ ልጀምር።

የጤፍ መውቂያ ወይም የእንሰት መፋቂያ ነድፎ፣ አሠርቶ፣ ፈትሾ መመረቅ የሚያስከብር ሥራ ነው፤ አገርም ይፈልገዋል። ዲዛይን ቲዎሪ ግን ሌላ ነው። እዚህ የሚጠናው ማሽኑ የታሰበበት መንገድ ነው፦ ሰው ገና ያልነበረን ነገር እንዴት አድርጎ ይደርስበታል? ምን አይቶ ይህንን መረጠ፣ ያንን ለምን ተወ? አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሰው ሠራሽ ነገሮችም የራሳቸው ሳይንስ ይገባቸዋል ብሎ የተከራከረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ስትመጡ ማሽን ሳይሆን ጥያቄ ይዛችሁ ኑ።

«ይሄማ ረቂቅ ነው» ለምትሉ፣ እቤታችሁ ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ እዩት። የኤምአይቲው ፕሮፌሰር ናም ሱ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ ካስቀመጧቸው ሁለት አክሲየሞች (መነሻ ሕጎች) የመጀመሪያው ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ አንዱን ተግባር ስትነካኩ ሌላው እንዳይናጋ አድርጋችሁ ንደፉ። የምጣዱ ሸክላ ሙቀት መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሊጡ ሲያርፍበት ይቀዘቅዝና እንጀራው ዓይን አያወጣም። ቶሎ መጋልም አለበት፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ገና ሳይጋገርበት ቆጣሪ ሲያዞር ማን ይወዳል? ሁለቱንም ግዴታ የተሸከመው ግን አንድ ነገር ነው፤ የሸክላው ውፍረት። ብታወፍሩት ሙቀቱን ይይዛል፣ ለመጋል ግን ይዘገያል። ብታሳሱት ቶሎ ይግላል፣ እንጀራው ሲደጋገም ግን ይከዳል። በናም ሱ ቋንቋ ሁለቱ ተግባራት ተቆላልፈዋል። ከ1946 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፓተንቶችን ሲመረምር የኖረው የሶቪየቱ መሐንዲስ አልትሹለር ደግሞ ይህንኑ ተቃርኖ ይለውና፣ መሐል ላይ አትታረቁ፣ ተቃርኖውን ራሱን አጥፉት ይላል። ናም ሱና አልትሹለር አንድ ምጣድ ፊት ቢቀመጡ የሚለያዩት የት ላይ ነው? አንዱ የማያየው፣ ሌላው የሚያየው ምንድን ነው? የድኅረ ምረቃ ጥያቄ ይሄን ይመስላል።

ሌላው የዘርፉ ግማሽ ነዳፊውን ራሱን ያጠናል። ጃንሰንና ስሚዝ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎቻቸውን ቡና የማያፈስ ኩባያ አስነደፉ። ለከፊሎቹ ስትሮ ያለው ናሙና አሳዩና «ስትሮ አትጠቀሙ» ብለው በግልጽ ነገሯቸው። ናሙናውን ያዩት ግን ካላዩት በባሰ ስትሮ እየሰኩ መጡ። (ትኩስ ቡና በስትሮ! እኛ ዘንድ ቢሆን ናሙናው ገና ሳይታይ ይወድቅ ነበር።) ይህን ካነበብኩ ወዲህ ለተማሪ «ለምሳሌ» ብዬ ስዕል ከማሳየት እቆጠባለሁ።

እኔን ግን ከሁሉ የሚያጓጓኝ ቲዎሪው ያልደረሰበት ቦታ ነው። የጀርመኖቹ የፓህልና የባይትዝ አካሄድ፣ በ1977 (እ.ኤ.አ.) ከታተመ ወዲህ ብዙ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው፣ መጀመሪያ ሥራውን ግልጽ አድርግ፣ ከዚያ ጽንሰ ሐሳብ፣ ከዚያ ቅርጽ፣ በመጨረሻ ዝርዝር ይላል። ብረቱ የሚመረጠው ምን እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ ነው። አሁን መርካቶ ምናለሽ ተራ ግቡ። ባለሙያው የዘይት በርሜል ሰንጥቆ ይዘረጋል፣ በመዶሻ ያቃናል፣ ከዚያ ከድሮ ምድጃ የተረፈ ቁራጭ አስቀምጦበት ዙሪያውን በምስማር ይጭራል። ወረቀት የሚባል የለም፤ ድሮዊንጉ ያ ቁራጭ ነው። ከጠርዙ የሚተርፈው ለምን እንደሚሆን እያሰላ ነው የሚቆርጠው፤ እዚያ ብረቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ተግባሩ ይከተላል። ይህንን ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ አልስማማም። ማቴሪያል ውድ በሆነበት አገር ዲዛይን የሚጀምረው ካለው ነገር ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉ የዲዛይን ተፈጥሮ ነው ወይስ የተሟላ መጋዘን ያለው ፋብሪካ ልማድ? ይህን በአግባቡ አጥንቶ የጻፈ ልጅ ጽሑፉን የትም አገር ቢያቀርብ የሚያነብለት አያጣም።

ስትሄዱ ግን በወጉ ሂዱ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ካሜራ ደቅናችሁ አትቁሙ። አስፈቅዱ፣ ያጠፋችሁበትን ጊዜ ክፈሉ፣ ከቻላችሁም እዚያው የሆነ ነገር እዘዙና ባለሙያው ሲሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲነግራችሁ ለምኑ። ተመራማሪዎች በ1994 (እ.ኤ.አ.) ኔዘርላንድስ ውስጥ ዴልፍት ላይ ተሰብስበው ከመረመሯቸው ቅጂዎች አንዱ በዚሁ ዘዴ የተቀረጸ ነበር፤ ሥራው የጀርባ ቦርሳ ብስክሌት ላይ የሚያስር ዕቃ መንደፍ ነበር። አንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ብዙ ሰዓታት ይወስዳል፤ ፕሮፖዛላችሁ ላይ ይህን ጊዜ ያዙለት።

ሥራ ይገኝበታል ወይ ለምትሉ፣ «ዲዛይን ቲዎሪስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታዩም። ማስተማር ወይም ምርት የሚያሻሽል ክፍል ውስጥ መግባት ካልፈለጋችሁ ሌላ ዘርፍ ይሻላችኋል።

አማካሪ ስትመርጡ፣ በምህንድስናው በኩል ያለው መምህራችሁ ሰው አጥንቶ የማያውቅ ከሆነ አታስጨንቁት። ሁለተኛ አማካሪ ከሥነ ልቦና ወይም ከሶሲዮሎጂ ፈልጉ፤ ያ የቡናው ኩባያ ጥናት እንኳ የአንድ መሐንዲስና የአንድ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሥራ ነው። ስድስት ኪሎ ከአምስት ኪሎ በእግር የሚደረስ ነው፤ ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት ሂዱና አነጋግሯቸው፣ ከጸደቀ በኋላ ስም ማስጨመር አሰልቺ ነው።