በሸዋ ሮቢት የጎርፍ ጉዳት ስለማጥናት ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጎርፍ 600 ያህል ቤት በገባበት ቀበሌ ስንት አባወራ እንደምትጠይቂና ምን ምን እንደምትጠይቂ ነው ያነሳሽው።

ከቅጹ በፊት ጊዜው ይቅደም። ግድግዳ ላይ የቀረው የውሃ ምልክት ሰው ቤቱን ሲያጥብና ሲመርግ ይጠፋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሜትር ይዘሽ ዙሪ። ከውስጥ ከወለሉ፣ ከውጭ ከመሬቱ፣ ለየብቻ ለኪ። መሠረቱ ከፍ ያለ ቤት ከውጭ 60 ሳንቲሜትር ደርሶበት ከውስጥ 20 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃ የሚያበላሸው የውስጡ ነው። ውሃው ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደወጣም ጻፊ።

የጭቃ ቤት ጎርፉ በመጣበት ቀን ላይወድቅ ይችላል። የታችኛው ምርጊት ርሶ ይላላል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቋሚው ከእግሩ ይበሰብሳል። በአምስተኛው ቀን «ደህና» ተብሎ የተመዘገበ ቤት በወሩ ዘሞ ይገኛል። ስለዚህ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ያንኑ ቤት ድገሚ። ወባም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ከተኛ በኋላ ሰው እስኪታመም ሳምንታት ያልፋሉ። ጎርፉ የነሐሴ ከሆነ የወባው ጥያቄ ቦታው መስከረምና ጥቅምት ነው። ተቅማጥን ግን በመጀመሪያው ዙር፣ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ፈሶ እንደሆነና ቤተሰቡ በዚያ ሰሞን ከየት ቀድቶ እንደጠጣ ጨምረሽ ጠይቂ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ የ10 በመቶ የስህተት ወሰን (ከጥቂት ቤት የተገኘው ውጤት ከሁሉም ቤት እውነታ ሊርቅ የሚችልበት መጠን) ከተቀበልሽ 600ን ለ7 አካፍዪ፤ 7ቱ የሚመጣው 600ን በ0.1 ሁለት ጊዜ አባዝተሽ 1 ስትደምሪበት ነው፤ 86 ገደማ ይመጣል። 5 በመቶ ከፈለግሽ በ0.1 ፈንታ በ0.05 ስትሠሪው አካፋዩ 2.5 ነው፤ 240 ይሆናል። ለሁለት ጠያቂ 86ቱ ይበቃል። ነገር ግን ከወንዙ ዳር ብቻ አትውሰጂ። ወንዝ ዳር 300፣ ቦይ ተደፍኖ የተጥለቀለቀው ሰፈር 180፣ ውሃ ለአጭር ጊዜ የነካው 120 ቢሆን፣ ድርሻቸው 43፣ 26 እና 17 ነው። ጭራሽ ያልነካቸውን ጥቂት ቤቶች ለማነጻጸሪያ ጨምሪ፤ አለዚያ የክረምቱን የወትሮ ችግር ሁሉ ለጎርፉ ትሰጪዋለሽ።

ብዙ ጥናት የሚበላሸው ተከራይን በመርሳት ነው። በቀበሌ መዝገብ ያለው ባለቤቱ ነው፤ ፍራሹና እህሉ የራሰበት ግን ሌላ ሰው ነው። የቤቱን ጉዳት ከባለቤቱ፣ የዕቃውን ከነዋሪው ውሰጂ፤ ሁለቱንም ከሁለቱም ከጠየቅሽ ድርብ ትቆጥሪያለሽ። ክፉኛ የተጎዳ ተከራይ ሰፈር ይለቃልና በመጀመሪያው ቀን ስልኩን ያዢ። በሁለተኛው ዙር ከጠፋ በጎረቤቱ አትተኪው፣ «ለቋል» ብለሽ መዝግቢ። ይህም ራሱ ጉዳት ነው።

«ስንት ብር ከሰርክ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ የምታገኚው ግምት ነው። በዕቃ በዕቃው ሂጂ። ጤፉ፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ ነበር? ስንቱ ደርቆ ተበላ፣ ስንቱ በርካሽ ተሸጠ፣ ስንቱ ተጣለ? ዋጋውን አንቺ ራስሽ ከዚያ ሳምንት ገበያ ይዘሽ ለሁሉም አንድ ዋጋ ተጠቀሚ። የቀን ሠራተኛውን ያልሠራበትን ቀን በቀን ክፍያው አባዢለት። ሴቶች ጭቃ በመጥረግና ውሃ ከሩቅ በመቅዳት ያጠፉትን ቀን ካልጠየቅሻቸው ማንም አይነግርሽም። መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ የጠፋበትንም አስገቢ።

ሰው ቅጹን የእርዳታ መዝገብ መስሎት ሊያጋንን ይችላል፤ አይፈረድበትም። የእርዳታ መዝገብ አለመሆኑን ስትጀምሪ በግልጽ ንገሪው፣ የቀበሌ ሹም አጠገብሽ አይቀመጥ፣ የተበላሸውን ዕቃ ቅሪት በዓይንሽ እዪ።

የማኅበረሰቡን ጉዳት ለማወቅ ሴቶችን፣ ወንዶችንና ወጣቶችን ለየብቻ ሰብስቢ። ትምህርት ቤት ስንት ቀን ተዘጋ፣ ወፍጮ ቤቱ ስንት ቀን ቆመ፣ የዕድሩ ድንኳንና ድስት ተረፈ ወይ፣ ዕድሩ ከሣጥኑ አውጥቶ ለማን ስንት ሰጠ? ከዚያ አብራችሁ ቦዩን ተከትላችሁ ሂዱና በቆሻሻ የተደፈነውን፣ ቱቦው የጠበበውን፣ ላዩ ላይ ቤት የተሠራበትን በካርታ ላይ አስፍሩ። የማስጠንቀቂያውን ጊዜ በደቂቃ ጠይቂ። ዝናቡ በጣርማ በር በኩል ደጋው ላይ ጥሎ ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ከደጋው ስልክ የተደወለለት ቤትና ያልተደወለለት ቤት ምን ያህል ዕቃ እንዳተረፉ ለይተሽ ካወጣሽ፣ ለከተማው የምታቀርቢው ከሁሉ የሚጠቅም ቁጥር እሱ ነው።