ድራግ ቴስት ከወደቁ በኋላ ወደ ትራክ መሪ መመለስ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ትራክ ነድቻለሁ። አሁን በአንድ አነስተኛ ካምፓኒ የሴፍቲ ሥራ እሠራለሁ፤ ሹፌሮች ሕጉን መጠበቃቸውን እከታተላለሁ። ድራግ ቴስት (የዕፅ ምርመራ) የወደቁ ብዙ ልጆች አጠገቤ ተቀምጠው ቅጽ ሞልተዋል። አብዛኞቹን የጎዳቸው አፍረው ዝም ማለታቸው ነው። ወር ሁለት ወር ቤት ተቀምጠው የሰው ወሬ ሲሰሙ ይቆያሉ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ስም ሳልጠቅስ እመልሳለሁ።

ትናንት የራንደም (በዕጣ የሚደረግ ድንገተኛ ቴስት) ውጤቴን የሚያየው ዶክተር ደውሎ ማሪዋና ተገኝቷል አለኝ። ሥራዬ አበቃ ማለት ነው?

አላበቃም፣ ወንድሜ። ግን ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ሲዲኤል (የትልልቅ መኪና መንጃ ፈቃድ) የሚጠይቅ መኪና መንዳት አትችልም። የያዝከውን ሎድ (ጭነት) እንኳ "ላድርሰውና ላቁም" አትበል።

መጀመሪያ ሰዓትህን ያዝ። ውጤቱ ስህተት ነው ብለህ ካመንክ፣ ዶክተሩ ከነገረህ ጀምሮ 72 ሰዓት አለህ። ሽንትህ ሲወሰድ ፊትህ ሁለት ጠርሙስ ውስጥ ተከፍሏል። ሁለተኛው በሌላ ላብራቶሪ እንዲታይልህ መጠየቅ ትችላለህ። ገንዘብ የለኝም ብለህ አትተወው። ካምፓኒው በኋላ ሊያስከፍልህ ይችላል እንጂ ምርመራው በክፍያ ምክንያት መቆም የለበትም።

ከዚያ ሳፕ የሚባለውን የዕፅና የአልኮል ጉዳይ ባለሙያ ፈልግ። ካምፓኒህ ቢያባርርህም የሳፖችን ዝርዝር በነፃ ሊሰጥህ ግዴታ አለበት። ክሊሪንግሃውስ (የሹፌሮች ድራግና አልኮል ጥፋት የሚመዘገብበት የፌደራል ድረ ገጽ) ላይ አካውንት ከፍተህ የመረጥከውን ሳፕ እዚያው ታስገባለህ። ሳፑ አነጋግሮህ ትምህርት ወይም ሕክምና ያዝዛል። "ምንም አያስፈልግህም፣ ሂድ" ማለት አይችልም። ያዘዘውን ስትጨርስ ድጋሚ ያይሃል። ጨርሷል ካለ፣ ሊያሠራህ የፈለገ ካምፓኒ ወደ መመለሻው ቴስት፣ ማለትም ወደ መንዳት ከመመለስህ በፊት ወደምታልፈው ቴስት፣ ይልክሃል። ኔጌቲቭ ወጥቶ ክሊሪንግሃውስ ላይ ሲመዘገብ ነው ክልከላው የሚነሳው።

አንድ ነገር ልብ በል። ከአንዱ ሳፕ ታይተህ ትዕዛዙ ስለከበደህ ብቻ ሌላ ሳፕ ጋ መሄድ አይፈቀድም። ስለዚህ ከመምረጥህ በፊት ሁለት ሦስቱን ደውልና ጠይቅ።

የምኖርበት ስቴት ማሪዋና ፈቅዷል። በእረፍቴ ቀን ቤቴ ውስጥ ነው ያጨስኩት።

ቴስቱን የሚያስገድደው ዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) የፌደራል ነው። የስቴት ፈቃድም ሆነ የሐኪም ወረቀት ለማሪዋና አይሠራም። ሲቢዲ ዘይት (ከካናቢስ ተክል የሚወጣ) ነው የተጠቀምኩት ማለትም አያድንም፤ ዶክተሩ እንደ ምክንያት አይቀበለውም።

ባለቤቴ ሹፌር ነው። ጥርሱን ሲያመው ለእኔ የታዘዘልኝን የሕመም ማስታገሻ ሰጠሁት። አሁን ሀይድሮኮዶን ተገኝቶበታል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ራስሽን አትውቀሺ። ሰው ሲያመው የቤቱ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ። ዶክተሩ የሚጠይቀው በሹፌሩ ስም የተጻፈ የሐኪም ትዕዛዝ ነው። በሚስት ወይም በወንድም ስም ያለ ኪኒን አይቆጠርም፤ ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆኖ ይመዘገባል።

አሁን የሚጠቅመው ለሳፑ የሆነውን እንዳለ መናገር ነው። የጥርስ ሐኪም ጋ የሄደበት ወረቀት ካለ ይዞ ይሂድ። ፖዘቲቩን አይሰርዝለትም፤ ሳፑ ግን የሚያዝዘውን የሚወስነው ከፊቱ ያለውን ሰው ታሪክ አይቶ ነው።

ለቴስት ሄጄ ሽንት አልመጣ አለኝ። ሎድ ስለነበረኝ ጥዬ ወጣሁ። ፖዘቲቭ ስላልወጣሁ ችግር የለውም አይደል?

ችግር አለው፤ በጣም። መጨረስ ሳትችል ጥለህ መውጣት "እምቢ ማለት" ተብሎ ይያዛል። ቅጣቱም ከፖዘቲቭ እኩል ነው። ሽንት እምቢ ሲል እስከ 3 ሰዓት ይሰጥሃል፤ ውሃ እየጠጣህ መጠበቅ ነው። ያኔም ካልመጣ ሐኪም ይመረምርሃል። አሁን ያለህ መንገድ ያው የሳፑ መንገድ ነው።

ሌሎቻችሁ ይህን አስቡበት። ቴስት ላይ ሳላችሁ ዲስፓቸር (ሎድ የሚመድበው ሰው) ቢጨቀጭቃችሁ ስልኩን አታንሱ። ሎድ ሌላ ይገኛል።

የመመለሻው ቴስት ላይ ሰው ቆሞ ያያል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግረው ብዙ ሰው እዚያ ደርሶ ስለሚደነግጥ ነው። አንድ ትልቅ ሰው አባት የሚሆነኝ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ደርሰው ሊመለሱ ሲሉ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዴት ልብሴን አውልቅ ይለኛል?" አሉኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሚሆነው ይህ ነው። ተመልካቹ ከእናንተ ጋር ተመሳሳይ ፆታ ነው። ሸሚዝ ከእምብርት በላይ ይነሳል፣ ሱሪና የውስጥ ልብስ እስከ ጭን አጋማሽ ይወርዳል፣ አንዴ ዞር ትላላችሁ። የተደበቀ ዕቃ እንደሌለ ለማየት ነው። ከዚያ ልብሳችሁን ታስተካክላላችሁ፤ ሽንቱ ሲወጣ ግን እያየ ይቆማል። ያሳፍራል፤ አያሳፍርም አልልም። ግን ጥሎ መውጣት እምቢታ ነው፤ ከሀ መጀመር ነው። እኚያ ሰው ስልኩን ሳይዘጉ አምስት ደቂቃ አወራንና ገቡ። ዛሬ እየነዱ ነው።

ከዚያ በኋላስ? ሌላ ካምፓኒ ብገባ ከቴስቱ አርፋለሁ?

አታርፍም። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቢያንስ 6 ጊዜ ሳይነገርህ ትጠራለህ። ሳፑ ከፈለገ እስከ 60 ወር ሊያራዝመው ይችላል። ስንት ጊዜና መቼ እንደሆነ ለካምፓኒው ነው የሚጻፈው፤ ለአንተ አይነገርህም። ካምፓኒ ብትቀይር ዕቅዱ ተከትሎህ ይሄዳል። እነዚህም ቴስቶች በተመልካች ፊት ናቸው። መዝገቡ ክሊሪንግሃውስ ላይ ለ5 ዓመት ይቆያል፤ የክትትል ቴስቱ ካላለቀ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ሲዲኤሌን ይወስዱብኛል?

እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ አዎ። ክሊሪንግሃውስ ላይ ክልከላ ያለበትን ሰው ስቴቱ በ60 ቀን ውስጥ ሲዲኤሉን ያወርድበታል። የትንሽ መኪና መንጃ ፈቃድህ ግን በእጅህ ይቆያል። ስቴቱ ሥራውን ሳይጨርስ የመመለሻ ቴስቱን ኔጌቲቭ ካለፍክ ግን ማውረዱ ይቆማል። በመጀመሪያው ሳምንት ሳፕ ጋ ደውሉ እያልኩ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

የራሴ ትራክ ነው፤ ራሴ ነኝ አሠሪው። ራሴን ለቴስት መላክ እችላለሁ?

አትችልም። የተመዘገብክበት ኮንሰርሺየም (የሹፌሮችን ቴስት የሚያስተዳድር ድርጅት) ነው የሚልክህ፣ ውጤቱንም እሱ ነው የሚያስገባው።

ጫትስ?

በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ላይ የተቀመጠ ነው። አገር ቤት የለመድነው ነገር ስለሆነ ቀላል ይመስለናል። ትራክ ውስጥ ሲገኝ ግን ጉዳዩ የሥራ ብቻ አይደለም። ኬዙ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል፤ ግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ኢሚግሬሽኑም ሊነካበት ይችላል። አትያዙ፣ አትቃሙ።

ሳፑን ጨርሻለሁ። ግን ማንም ካምፓኒ አይቀበለኝም። የመመለሻውን ቴስት የሚልከኝ አጣሁ።

ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው። ሕጉ መመለስ ትችላለህ ይላል እንጂ ማንንም ቅጠር ብሎ አያስገድድም። ብዙ ትልልቅ ካምፓኒዎች ኢንሹራንስን እያሰቡ በሩን ይዘጋሉ።

እኔ ያየሁት ይህ ነው። የተሳካላቸው ልጆች ትንንሽ ካምፓኒዎች ጋ ሄደዋል፤ አምስት አሥር ትራክ ያላቸው ጋ። ማመልከቻ ልከው አልጠበቁም፤ ደውለው ሴፍቲውን ጠየቁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራቸው "ክሊሪንግሃውስ ላይ አለሁ፣ ሳፑን ጨርሻለሁ፣ የመመለሻ ቴስት ነው የቀረኝ" የሚል ነበር። ሴፍቲው ለማንኛውም ኩዌሪ ሲያደርግ (ክሊሪንግሃውስ ላይ ስምህን ሲፈልግ) ያየዋል። ደብቆ ከተገኘ ሰው ይልቅ ቀድሞ የነገረኝን ሰው ነው እኔም ለካምፓኒው ባለቤት "እስቲ እንሞክረው" የምለው።

እስከዚያ መጋዘን ወይም ያርድ ውስጥ ሲዲኤል የማይጠይቅ ሥራ ካገኘህ ያዝ። አንዱ ልጅ ሰባት ወር ፎርክሊፍት ነዳ። ለመመለሻው ቴስት የላከው ያው መጋዘኑ ያለው ካምፓኒ ነው። ያለህበትን ከተማ ጻፍልኝ፤ የማውቃቸውን ሴፍቲዎች እጠይቅልሃለሁ።