ሲንጣጣ ከርሞ ለምን አልፈነዳም?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ ወዲህ የሚደርሱን ጥያቄዎች ጠባያቸው ተለውጧል። የትዳሩም የሥራውም ጥያቄ ትንሽ ጋብ ብሎ ሁሉም ስለ መሬት ነው የሚጠይቀው። የሚገርመው ስለ ራሱ ስለ ሃይሊ ጉቢ የጠየቀን ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው መተሐራ አጠገብ ወዳለው እሳተ ገሞራ፣ ወደ ፈንታሌ ነው የተመለሰው። በ2017 ወራት ሙሉ ሲያነቃንቀን የከረመው እሱ ስለሆነ አልፈርድም። ተመሳሳዮቹን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

«ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። አልጋዬ ሲወዛወዝ መጀመሪያ ጎረቤት ዕቃ የሚገፋ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን ወራት ሙሉ አልቆመም። መንቀጥቀጥ አንዴ መትቶ የሚያልፍ ነገር አይደለም እንዴ? ለምን ተደጋገመ?»
ወንደላጤው፣ ከጀሞ

ብቻህን አይደለህም። እኔ ደግሞ ከላይ ያሉት ሰዎች ልብስ ማጠቢያ ማሽን መስሎኝ «በዚህ ሰዓት ያጥባሉ?» ብዬ ተማርሬባቸው ነበር። መስከረም 26 ምሽት ነው፣ መጠኑ 4.9።

መሬት ሲንቀጠቀጥ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንደኛው አንተ ያልከው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቱርክ ላይ እንደሆነው አንድ ከባድ ይመታል፣ ተከታዮቹ እያነሱ እያነሱ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ግን አውራ የለውም። ዛሬ 4.5፣ ነገ 4.8፣ ለሳምንታት ዝም፣ ከዚያ ድንገት 5 ምናምን። ፈረንጆቹ ስዋርም ይሉታል፣ የንብ መንጋ እንደማለት። (ስሙ ብዙም አይገጥምም። ንብ እንኳ አውራ አላት።)

እሳተ ገሞራ አጠገብ ይኼ ሁለተኛው የተለመደ ነው። ለምን እንደሆነ ግንድ የፈለጠ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሽብልቁን ስንጥቁ ውስጥ ትተክልና በምሳር ጀርባ ትመታዋለህ። ግንዱ በአንድ ምት ሁለት አይሆንም። ጣ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ጣ ጣ ይላል። ስንጥቁ ከሽብልቁ ቀድሞ ይሮጣል፣ የሚሮጠውም በግንዱ ክር ነው እንጂ በፈለገበት አይደለም። ፈንታሌ ሥር የሆነው ይኼው ነው። ሽብልቁ ከታች የሚገፋ ቅልጥ አለት ነው፣ ማግማ የሚሉት። ክሩ ስምጥ ሸለቆው ነው። አልጋህን ያወዛወዘው ደግሞ ጣጣታው።

ስምጥ ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየሰፋ ነው፣ ጥፍርህ በሁለት ወር የሚያድገውን እንኳ አይሞላም። ችግሩ በየቀኑ በእኩል አይሰፋም። ለዓመታት ተይዞ ይቆይና የተጠራቀመውን በአንድ ወቅት ይለቀዋል። በ2017 የለቀቀው መስከረም ላይ ፈንታሌ ሥር ጀምሮ ነው። ኅዳር ላይ ጋብ አለ። ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዶፈን ተራራ ተሻግሮ ነበር፣ ከፈንታሌ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ማለት ነው። ታኅሣሥ 26፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ላይ 5.7 መታ። የካቲት 7 ደግሞ 6 ደረሰ። ከ4.9 ወደ 6 ትንሽ ጭማሪ ይመስላል፣ በጉልበት ግን ከ40 እጥፍ በላይ ነው።

«ያን ያህል ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ፈንታሌ አልፈነዳም። ሃይሊ ጉቢ ግን ማንም ሳያስበው ፈነዳ። ታዲያ መንቀጥቀጡ ምን ምልክት ነው? ዶፈን ላይ ታኅሣሥ 25 በቪዲዮ ያየነውስ ፍንዳታ አልነበረም?»
መምህር፣ ከአዳማ

ከዶፈኑ ልጀምር። የወጣው እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ ነው። ከታች የገባው ትኩስ ነገር የከርሰ ምድር ውሃውን ሲያፈላው ውሃው መውጫ ፈልጎ ፈነጠቀ። ክዳኑ ያልተስተካከለ ድስት አስብ። ላቫ (መሬት ላይ የወጣ ቅልጥ አለት) ግን አልወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ቅልጥ አለት ወደ ላይ መውጣት አለበት የሚል ሕግ የለም። እላዩ ላይ ያለውን አለት ሰብሮ ከመውጣት በተከፈተለት ስንጥቅ ወደ ጎን መሮጥ ይቀለዋል፣ በተለይ እንደኛ አገር መሬቱ ራሱ እየተሳሳበ ሲከፍትለት። ወደ ጎን ይሮጣል፣ ግፊቱ ይደክማል፣ ይቆማል፣ እዚያው ይረጋል። በዓለም ላይ ከሚታየው የዚህ ዓይነት መንቀጥቀጥ አብዛኛው መጨረሻው እንዲህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ እዚሁ አገር ነው ያለው፣ እኛ ረስተነው ፈረንጆቹ ግን ሃያ ዓመት ሲያጠኑት የኖሩት። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር፣ ዳባሁ ተራራ አጠገብ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተከፈተ፣ ሰፊው ቦታ ላይ 8 ሜትር ድረስ። ወደዚያ ክፍት የገባው ቅልጥ አለት በኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነበር። የወጣውስ? ዳኡሬ የሚባል ቦታ ላይ አንድ ስንጥቅ አመድና ቀላል ድንጋይ ተፋ፣ በቃ። ሌላው በሙሉ ከታች ቀረ። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ሽብልቁ ከ10 ጊዜ በላይ ተመልሶ ገብቷል። ላቫ የፈሰሰው ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009። ስለዚህ ፈንታሌ አለመፈንዳቱ የሚገርም አይደለም። ቢፈነዳ ነበር ከልማዱ የወጣ የሚሆነው።

ውጭ አገርም ያው ነው። ፈንታሌ በሚንጣጣበት በዚያው ሰሞን የግሪኳ ሳንቶሪኒ ደሴት በሺህ በሚቆጠር መንቀጥቀጥ ስትናጥ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ትቷት ወጣ፣ እሳተ ገሞራው ግን ምንም አላለም። ጣሊያን ውስጥ ኔፕልስ አጠገብ ያለችው ፖዙዎሊ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1984 መሬቷ ወደ 1.8 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ 40 ሺህ ሰው ቤቱን ለቆ፣ ዝም ብሎ ቆመ።

ግን ደግሞ በዚህ ተማምኖ መተኛት አይቻልም፣ የዚህ ነገር ክፋቱ እሱ ነው። አይስላንድ ውስጥ የግሪንዳቪክ ሰዎች እ.ኤ.አ. ኅዳር 2023 በመንቀጥቀጥ ከከተማቸው ወጡ፣ «ምንም አልሆነም» መባል ሲጀመር ከአምስት ሳምንት በኋላ መሬቱ ተቀዶ እሳት ወጣ። ኤርትራ ውስጥ ያለው ናብሮ ደግሞ ሰኔ 2003 ዓ.ም. ያስጠነቀቀው ለሰዓታት ነው። ሲንቀጠቀጥ ውሎ ሌሊቱን ፈነዳ፣ ሰውም ገደለ።

ሃይሊ ጉቢን ማንም አላሰበውም ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ሕዝቡ አላሰበውም። ግን ሐምሌ 2017 ላይ ኤርታሌ ሲፈነዳ ቅልጥ አለቱ ከመሬት በታች ወደ ደቡብ፣ ወደ ሃይሊ ጉቢ አቅጣጫ ሲጓዝ ሳተላይት አይቶታል። አራት ወር ቆየና ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፣ አመዱም የመንን፣ ኦማንን አልፎ ሕንድ ደረሰ።

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ መተሐራ ናት። በየቀኑ በቲክቶክ "በሦስት ቀን ውስጥ ይፈነዳል" የሚል ነገር እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። እናቴ ስደውልላት "ኧረ ደህና ነን፣ አንቺ ብቻ ተኚ" ትላለች። ማንን ልመን?»
ልጇ፣ ከሜሪላንድ

በመጀመሪያ እናትሽን። እግራቸው መሬቱ ላይ ነው። (የኢትዮጵያ እናት ቤቱ ቢፈርስም «ደህና ነን» እንደምትል አውቃለሁ፣ ስለዚህ ጎረቤትም ጠይቂ።)

ቀንና ሰዓት ጠርቶ የሚናገርን ሰው ግን እለፊው። መንቀጥቀጥን በቀን ቆርጦ የሚተነብይ ሳይንስ እስካሁን የለም። እሳተ ገሞራ ትንሽ ይሻላል፣ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ ግን የመንቀጥቀጡ ቁጥር ብቻ አይደለም። ባለሙያዎቹ የሚያዩት መነሻው ከጥልቅ ወደ ላይ እየቀረበ ነው ወይ፣ መሬቱ እያበጠ ነው ወይ፣ የሚወጣው ጋዝና ሙቀት ተለውጧል ወይ የሚለውን ነው። የመሬቱን እብጠት ዛሬ ከላይ በራዳር ሳተላይት በሴንቲ ሜትር ይለኩታል። በፈንታሌና በዶፈን መካከል መሬቱ ግራና ቀኝ እንደተለያየ የታወቀውም እንደዚያ ነው። አገር ቤት ይህን የሚከታተለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የህዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም ነው። ከእሱ የወጣ ነገር ካልሆነ ለእናትሽ አታንብቢላት።

ሌላ አንድ ነገር። አንዱ 5.7 ሌላው 5.8 ሲል «ይደብቁናል» የሚሉ አሉ። ማንም አልደበቀም። የተለያየ ተቋም በተለያየ መሣሪያ ይለካል፣ በኋላም ያርማል። «በሬክተር ስኬል» የሚለው አባባልም ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ ለትልልቆቹ ዛሬ የሚጠቀሙበት ሌላ መለኪያ ነው። ሰዓቱም ያምታታል። የውጭ ድረ ገጾች የሚጽፉት በግሪንዊች ሰዓት ነው፣ እኛ ሦስት ሰዓት እንጨምርና ደግሞ ወደ ሐበሻ ሰዓት እንገለብጠዋለን። አንዱ መንቀጥቀጥ በሦስት ሰው ስልክ ሦስት ሆኖ ያረፈበትን ቀን አይቻለሁ።

«የሕዳሴ ግድብ ነው ያመጣው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እውነት ነው?»
ባለ ታክሲ፣ ከመገናኛ

አይደለም። ትልቅ ውሃ ሲጠራቀም እዚያው ሥሩና ዙሪያው ትንንሽ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ይኼ የታወቀ ነው። ከግድቡ እስከ ፈንታሌ ግን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደግሞም ስምጥ ሸለቆው ግድብ የሚባል ነገር ሳይታሰብ ጀምሮ ሲሰነጠቅ የኖረ ነው።

«ድጋሚ ቢመጣ ከፎቅ ሮጬ ልውረድ ወይስ ልቀመጥ? ባለቤቴ ሩጪ ይላል፣ እኔ ልጆች አሉኝ።»
እናት፣ ከሰሚት

አትሩጪ። ደረጃ ላይ ተረጋግጦ መውደቅ ከመንቀጥቀጡ የባሰ ነው፣ ሊፍትም አትግቢ። ልጆቹን ይዘሽ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቢ፣ ከመስኮትና ከቡፌው ራቂ፣ ሲቆም ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ውጭ ከሆናችሁ ከግንብ አጥር፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶና ጣሪያ ላይ ሮቶ ከተሰቀለበት ቤት ሥር አትቁሙ። ቡፌውንና ቴሌቪዥኑን ደግሞ ዛሬውኑ ግድግዳው ላይ አሳስሪያቸው፣ ለባለቤትሽ ሥራ ይሁነው። ጭቃ ቤት ወይም ብሎኬት ቤት ምድር ላይ የሚኖር፣ በሩ አጠገቡ ከሆነ፣ እሱ ቶሎ ይውጣ።

አዲስ አበባ ከፈንታሌ በቀጥታ ሲለካ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ጋ የደረሰው ውዝዋዜ ነው፣ ፎቅ ከፍ ባለ ቁጥርም ይበዛል። ፈንታሌ አካባቢ ግን ቤት ፈርሷል፣ መሬት ተሰንጥቋል፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከብቱን ይዞ ተፈናቅሏል። እሳት ሳይወጣ ማለት ነው። ስለዚህ «አልፈነዳም፣ ተረፍን» ስንል ማን እንደተረፈ እንጠይቅ፣ እኔን ይኼ ነገር ሲያናድደኝ ነው የከረመው።

«ጡረተኛ ነኝ። በምድር ባቡር ዘመን አዋሽ ሠርቻለሁ። በ1973 ገደማ እዚያው ፈንታሌ አጠገብ መሬት ተንቀጥቅጦ ስንጥቅ ሲከፍት አስታውሳለሁ። ልጆቼ አያምኑኝም። ተራራውስ ድሮ ፈንድቶ ያውቃል?»
ጋሼ፣ ከድሬዳዋ

ጋሼ፣ ልጆችዎን ይጥሯቸውና ይኼን ያንብቡላቸው። ትክክል ነዎት። እ.ኤ.አ. በ1981፣ በእኛ 1973 ላይ፣ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ተንቀጥቅጦ ስንጥቅ ከፍቷል፣ የእኛው አገር ሰዎችም አጥንተው ጽፈውታል።

ፈንታሌ በደንብ ፈንድቶ ያውቃል። አናቱ ላይ ያለው ሰፊ ጉድጓድ በጥንት ዘመን የደረሰ ትልቅ ፍንዳታ ውስጡን ባዶ አድርጎት አናቱ ወደ ውስጥ የሰመጠበት ቦታ ነው። የመጨረሻው ግን ሩቅ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. 1820 ገደማ ነው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሕፃን ሳሉ። ያኔ ተራራው አናት ላይ አልፈነዳም። በደቡብ በኩል ግርጌው ተሰነጠቀና ላቫ ፈሰሰ። ከአዲስ አበባ ሲመጡ መተሐራ ሳይደርሱ፣ በሰቃ ሐይቅ ጋ፣ ተራራው በስተግራ ሲታይ፣ ግመል እንኳ የሚጠየፈው ሸካራ ጥቁር ድንጋይ የለም? ያ ላቫ እሱ ነው። እርስዎ በባቡር ስንት ጊዜ አልፈውበታል።