አበባውን ላምጣ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የሰርግ ዲኮር የሚሠራ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ አበባ ማዘጋጀት እንጀራዬ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ለደብራችን የእሑድ ቅዳሴ አበባ በነጻ ላዘጋጅ ብዬ ጀመርኩ። ቅዳሜ ማታ ከሰርግ የተረፈውን ይዤ እሄድና ከሥዕሉ ሥር፣ በሴቶች በርም በኩል አስቀምጣለሁ። ብዙ ሰው መርቆኛል። አንዲት እናት ግን «ልጄ፣ ይሄ እኮ የሰርግ አዳራሽ አይደለም። ለእግዚአብሔር ቤት ጧፍና ዕጣን ይበቃዋል፤ በዚህ ብር ነዳያን አብይበት» አሉኝ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ያስቀመጥኩት ሁሉ ተነሥቶ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተከምሮ አገኘሁት። አለቀስኩ። አበባ ማዘጋጀት አገልግሎት ነው? ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይቅርብሽ። ከዚህ የጀመርኩት መልእክትሽን ሳነብ ልብሽ እንደተሰበረ ስለገባኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ስትሠራ ከርማ፣ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤቷ ሄዳ እግሯን ዘርግታ እንደማረፍ አበባ ተሸክማ ደብሯ የምትሄድ ልጅ ፍቅር ይዟት እንጂ ሌላ ምን ይዟት ነው? ግን የማልደብቅሽ፣ የምገሥጽሽም ነገር አለ። እሱን ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

አገልግሎት ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ ነው። እግዚአብሔር ለሙሴ የመቅረዙን አሠራር ሲነግረው ቅርንጫፎቹ አበባ ይኑራቸው ብሎ ነው ያዘዘው፣ ያውም ከጥሩ ወርቅ። ዘጸአት 25 ላይ ታገኚዋለሽ። ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ግድግዳው ላይ ኪሩቤልን፣ ዘንባባንና የፈነዳ አበባን አስቀርጿል፤ 1ኛ ነገሥት 6ን አንብቢ። መቅረዝ ያለ አበባም ያበራል። ግድግዳም ያለ አበባ ይቆማል። እግዚአብሔር ግን ቤቱ እንዲያምር ወደደ።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ለአበባ ወቅት ሰጥታዋለች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ወርኃ ጽጌ ነው፣ ጽጌ ማለትም አበባ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ሊቃውንቱ አንዴ እመቤታችንን አበባ፣ ልጇን ፍሬ ይሏቸዋል፤ አንዴ ደግሞ ኢሳይያስ ከእሴይ ሥር ይወጣል ያለውን ይዘው እሷን ተክል፣ ልጇን አበባ ይሏቸዋል። እኔ ያለሁት ደሴ ነው። ወቅቱ ሲጀምር ሌሊቱን ሙሉ ጽጌ ሲባል ታድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ ከቅኔ ማኅሌት ወጥተሽ ጦሳን ቀና ብለሽ ስታይው አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ተራራው ግን ቢጫ ለብሶ ቆሟል። ይሄን ያየ ሰው አበባ ለቤተ ክርስቲያን ምኗ ነው ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

እናታችን ያሉሽ ነገር በወንጌልም ተብሏል። የአልዓዛር እኅት ማርያም በጌታ እግር ላይ ውድ ሽቱ ስታፈስ፣ ይሄ ሦስት መቶ ዲናር ተሸጦ ለድሆች አይሰጥም ነበር ወይ ተባለ። በዚያን ጊዜ አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። ሦስት መቶ ዲናር እንግዲህ የአንድ ዓመት ልፋት ሊሆን ምንም አይቀረው። ጌታ ግን ተዉአት አለ፣ መልካም ሥራ ሠርታለች አለ። ይሄን ይዘሽ ግን እናታችንን ልትረቺያቸው እንዳትሄጂ። ጌታ ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው ሲል፣ በወደዳችሁት ጊዜ መልካም ልታደርጉላቸው ትችላላችሁ ብሎም ጨምሯል፤ እኛ ይህቺን ሁለተኛዋን መዝለል እንወዳለን። አበባሽን ታቅፈሽ ስትገቢ በር ላይ የተቀመጡትን ነዳያን ነው የምታልፊው። ለአበባ ካሰብሽው ላይ ቆንጥረሽ ለእነሱ ስጪ፣ ከዚያ ግቢ።

ደግሞ እናታችን ልክ የሆኑበት አንድ ነገር አለ። ቅደም ተከተል አለው። እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ወጣ ስትዪ፣ ዘቢብና ዕጣን አጥተው ለቅዳሴ የሚቸገሩ አጥቢያዎች አሉ። ዘቢብ ያጣ ደብር አበባ አይቀድመውም። የአንቺ ደብር እንዲህ ያለ ችግር ካለበት መጀመሪያ እሱን ጠይቂ። ከሌለበት አበባሽን ይዘሽ ነይ፣ ማንም አያሳቅቅሽ።

አሁን ወደ ተግሣጹ። «ከሰርግ የተረፈውን» ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። አበባው የማን ነው? ሙሽሮቹ ከፍለውበታል ወይስ ገና የአሠሪሽ ንብረት ነው? አስፈቅደሻል? የሰው ንብረት ሳይጠየቅ አንሥቶ ለመቅደስ ማምጣት ስጦታ አይባልም። ይሄ ቀላል ነው፣ ሰኞ ጠዋት አሠሪሽን ጠይቂ፣ ሙሽሮቹንም በሥራሽ መካከል አንድ ቃል ብትያቸው ደስ ይላቸዋል። ስንቱ ሙሽራ ነው የሰርጉ አበባ ቤተ ክርስቲያን ገባ ሲባል እልል የሚለው!

ግን ከዚህም የጠለቀ ነገር አለው። ተፈቅዶም ቢሆን ትርፍ ትርፍ ነው። ዳዊት ለመሠዊያ የሚሆን አውድማ ሊገዛ ሲሄድ ኦርና በነጻ ውሰደው አለው፤ በሬውንም እንጨቱንም ጨመረለት። ዳዊት እንቢ አለ፤ ዋጋ ያላወጣሁበትን ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ ሃምሳ ሰቅል ብር ከፈለ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ መብራት ሲጠብሰው የዋለ፣ አንገቱን የደፋ ጽጌረዳ አምጥተሽ ስታስቀምጪ ልብሽ ምን ይልሻል? አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ የትኛው አበባ እሑድን እንደማያድር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ከትርፉ ደህና ደህናውን መርጠሽ ውሰጂ፣ የተረፈውን ተዪው፣ በላዩም ከራስሽ ኪስ የወጣ ነገር ይኑርበት። አምስት ዘለላ ይበቃል። ከግቢሽ የተቀጠፈ አሪቲም ቢሆን። አንድ ደብር ለንግሥ በዓል ግቢው ሲሰናዳ ሙስሊም ጎረቤት ከጓሯቸው የቀጠፉትን ጽጌረዳ በላስቲክ ባልዲ አድርገው በልጃቸው ሲልኩ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሃ እንኳ ሞልተውበታል፣ እንዳይጠወልግ። ከልብ የመጣ አበባ ማለት እንዲህ ነው።

ወደ ተነሣብሽ አበባ እንምጣ። ማን እንዳነሣው አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም፤ ስለዚህ በማንም አትፍረጂ። ግን ልጠይቅሽ፣ ቄሰ ገበዙን አነጋግረሻል? የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ ሥዕሉ በእሳቸው እጅ ነው። እኛ ምእመናን ስንገባ ቦታው ባዶ መስሎ ይታየናል፣ ግን ባዶ አይደለም። እዚያች ጥግ ላይ ዲያቆኑ ጧፍ ያበራባታል። በዚያች በር በኩል ካህኑ እያጠነ ይወጣል። ሥዕሉ ሥር ሰው ተንበርክኮ ይሳለማል፤ አበባሽ ከሥዕሉ ሥር ከተደረደረ አሮጊቷ የት ትሳለም? አንዳንዴ የሚነሣው ጠልተውሽ ሳይሆን መንገድ ዘግተሽ ነው። መቅደሱ ውስጥ ደግሞ እንኳን አንቺ እኔም መምህር ነኝ ብዬ አልገባም፣ ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው የሚገቡት። እዚያ የሚገባ አበባ ካለ ለዲያቆኑ በእጁ ስጪው፣ የት እንደሚያኖረው እሱ ያውቃል።

የራሴን ልንገርሽ። ወጣት ሆኜ በሰንበት ትምህርት ቤት ሳገለግል ለአንድ በዓል አበባ ያዘጋጀነው እኛ ነበርን። ጽጌረዳውን በችኮላ፣ እሾሁን ሳናራግፍ፣ ቅኔ ማኅሌቱ አጠገብ ደረደርነው። የተቆረጠው ጫፍ፣ ቅጠሉ፣ እሾሁ ምንጣፉ ላይ ቀረ። ሌሊት ነው፣ ብርሃኑ ጧፍ ብቻ ነው፣ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቋል። አንዲት ትልቅ እናት ረገጡት። አልጮኹም። ዝቅ ብለው እግራቸውን ይዘው ቆዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ሲነጋ ምንጣፉ ላይ የደረቀች የደም ጠብታ አየሁ። ማን እንዳዘጋጀው አልጠየቁም፣ እኔም በዕለቱ ደፍሬ አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬ አበባ ሳይ መጀመሪያ የማየው ግንዱን ነው።

ስለዚህ እሾሁን ቤትሽ ጨርሰሽ ነይ። አንድ በአንድ፣ በጣትሽ እየዳሰስሽ። መቀስሽንም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አታውጪ። ሊሊ ካመጣሽ መሐሉ ላይ ያለውን ቢጫ ዱቄት አስቀድመሽ ንቀዪለት፤ ነጠላ ላይ ከነካ አይለቅም። ማስቀመጫው ከባድ ይሁን፣ ሸክላ ጥሩ ነው፤ ቀላል ላስቲክ ከሆነ የበዓል ግፊያ ገልብጦት ውሃው ምንጣፍ ላይ ይፈሳል። ከጧፍና ከሻማ አርቂው፣ በተለይ ሻሽና ሪቫን ካለበት። የላስቲክ አበባ ይቻላል ወይ የሚሉኝ አሉ። እኔ አልወደውም። አቧራ ይዞ ዓመት ይቀመጣል፣ የሚያየውም የለም፤ ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል። እናንተ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ስለሆናችሁ ያንቺ አበባ እኛ ሐረጎን ወጥተን ደጋው ላይ ካለነው ቀድሞ ይጠወልጋል፤ ጠዋት በጤዛ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ይዋል። የዲኮር ቤቱን ስም የያዘ ነገር አትሰሪበት። ፎቶ አንሥተሽ አትለጥፊው፣ ግራ እጅሽ ቀኝሽ የሠራችውን አትወቅ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላሉ። ያኔ አንቺም እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ ለትንሣኤ ታወጪዋለሽ። በሰሙነ ሕማማት ጭራሽ ተዪው።

አንድ ነገር ቀረኝ። አበባ ማስቀመጥ ብዙ ሰው ይወዳል፣ ማንሣት ግን ማንም አያስታውሰውም። የሻገተ ውሃ፣ የበሰበሰ ግንድ፣ ሥዕሉ ሥር የረገፈ ቅጠል ረቡዕና ሐሙስ ላይ ሲሸት የሚያጸዳው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ያቺው ቤተ ክርስቲያን የምትጠርገው እናት ናቸው። ምናልባት ያንቺን ያነሡትም እሳቸው ይሆናሉ። እሑድ ያስቀመጥሽውን ማክሰኞ ከሥራ ስትወጪ ጎራ ብለሽ አንሺ፣ ውሃውን ድፊ፣ ማስቀመጫውን እጠቢና ዕቃ ቤት መልሺ። ይሄን ማድረግ የማትችዪ ከሆነ በየሳምንቱ አታምጪ፣ በወር አንዴ ይሁን፣ በደብራችሁ ታቦት ዕለት ወይም በማርያም በ21።

በዚህ ሳምንት ግን ባዶ እጅሽን ሂጂ። መጀመሪያ ቄሰ ገበዙን አግኚያቸው፣ ጉልበታቸውን ሳሚና «አባቴ፣ አበባ ላመጣ አስቤያለሁ፣ የት ላድርገው? መቼ ላንሣው?» በያቸው። ከዚያ የምትጠርገዋን እናት ፈልጊና ስማቸውን ጠይቂ።